ጨዋነት የሸሸገው አድልዎ፦ በመንዝ የእጅ ባለሙያዎችን የሚመለከት ልብ ያልተባለ አድልዎና የአካታችነት መንገዶች

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በሥነ ልቡና ጥናት ዘርፍ የሚታወቀውን ልብ ያልተባለ አድልዎ ፅንሰ ሐሳብ፣ በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በተለይም በሞላሌና በአካባቢዋ ከሚኖሩ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራዊ አቋም ጋር አያይዞ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፤ በብረት ሠሪው፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቆዳ ፋቂውና በሸማኔው ላይ ይታይ የነበረው ግልጽ ንቀት በሕግም በአደባባይም እየተነቀፈ ቢመጣም፣ አድልዎው በመልካም ሥነ ምግባር ስም በሚፈጸሙ ጥቃቅን የዕለት ተዕለት ድርጊቶች ውስጥ ተጠልሎ ይኖራል። ስለሆነም የግለሰቦችን አስተሳሰብ ለማረም ከሚሰጥ የአንድ ቀን ሥልጠና ይልቅ የማዕድን፣ የምዘናን፣ የጋራ ሥራንና የጥናት ናሙናን ሥርዐት ማስተካከል የተሻለ ተስፋ አለው። ጽሑፉ በቀደሙ ጥናቶች ንባብና በአጥኚዋ የግል ምልከታ ላይ የተመሠረተ እንጂ የመስክ መረጃ ውጤት አይደለም።

ቁልፍ ቃላት፦ ልብ ያልተባለ አድልዎ፣ አካታችነት፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ መንዝ፣ ሞላሌ

1. መግቢያ

በመንዝ ደጋ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ኑሮ ያለ እጅ ባለሙያ ውሎ አያድርም። ገብሱ የሚዘራበት መሬት የሚታረሰው ብረት ሠሪው ባወጣው ማረሻ፣ የሚታጨደውም እርሱው በሳለው ማጭድ ነው። እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ቡናው የሚፈላበት ጀበና፣ ውኃው የሚቀዳበት እንስራ የሸክላ ሠሪዋ የእጅ ሥራ ነው። የአልጋው ጠፍር ከፋቂው፣ ብርዱን የሚመክተው ባና ከሸማኔው ይገኛል። ይሁን እንጂ የእጁ ሥራ ጓዳ ድረስ የሚገባለት ሰው፣ ራሱ ብዙ ጊዜ ከደጅ አያልፍም። ሥራው ከተፈለገ ባለቤቱ ለምን ተሸሸ? ይህ ጥያቄ በተለያየ መልኩ ለብዙ ዘመናት ሲነሣ የቆየ ነው።

ዛሬ ጥያቄው አዲስ መልክ ይዟል። በሞላሌ አንድን ወጣት «የእጅ ባለሙያን ትንቃለህ ወይ?» ብለን ብንጠይቀው «አልንቅም» ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ መልሱም ከልቡ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያው ወጣት ሚስት ሲያጭ፣ ማኅበር ሲጠጣ፣ ልጁን ለጎረቤት ሲያሳይ የሚያደርገው ነገር ከመልሱ ጋር ላይስማማ ይችላል። በሚነገረው እምነትና በሚታየው ድርጊት መካከል ያለው ይህ ክፍተት የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ነው።

2. የፅንሰ ሐሳቡ ምንነትና ወሰን

ሰው ስለ ሌላው ሰው የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ አውጥቶና አውርዶ የሚደርስበት አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ያያቸውና የሰማቸው ነገሮች በአእምሮው ውስጥ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። ትስስሩ ከጸና በኋላ አንዱ ሲነሣ ሌላው ሳይጠራ ይመጣል። አንቶኒ ግሪንዋልድና ማህዛሪን ባናጂ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ዓይነቱ ከንቃት ውጭ የሚሠራ ማኅበራዊ ግንዛቤ የንድፈ ሐሳብ መሠረት ጥለዋል። ከሦስት ዓመት በኋላም ግሪንዋልድ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር የተሳታፊዎችን የምላሽ ፍጥነት በሺኛ ሰከንድ የሚለካ ፈተና አስተዋውቋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በአእምሮ ውስጥ የተቀራረቡ ነገሮችን አንድ ላይ መመደብ ፈጣን፣ የተራራቁትን አንድ ላይ መመደብ ዘገምተኛ ይሆናል።

የአድልዎ ውጤት ከቤተ ሙከራ ውጭም ታይቷል። ማሪያን ቤርትራንድና ሴንድሂል ሙላይናታን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎችን ልከዋል። በይዘት ተመጣጣኝ ከሆኑት ከእነዚህ ማመልከቻዎች መካከል የነጭ አሜሪካዊ ስም የሚመስል ስም የያዙት፣ የጥቁር አሜሪካዊ ስም ከሚመስሉት በ50 በመቶ ገደማ የበለጠ የጥሪ ምላሽ አግኝተዋል። ማመልከቻዎቹን ካነበቡት ሰዎች መካከል ስንቶቹ ሆን ብለው፣ ስንቶቹ ልብ ሳይሉ እንዳዳሉ ከጥናቱ ማወቅ አይቻልም። ለተጎጂው ግን ውጤቱ ያው ነው።

ፅንሰ ሐሳቡን ስንጠቀም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ስለ መለኪያው ነው። የምላሽ ፍጥነት ፈተናው የብዙ ሰዎችን አጠቃላይ ዝንባሌ ለማሳየት ቢረዳም፣ የአንድን ግለሰብ ባሕርይ ለመተንበይ ያለው አቅም ውስን ነው። በፓትሪክ ፎርሸር መሪነት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውና 492 ጥናቶችን ያጠቃለለው ትንተና እንደሚያሳየው፣ የፈተና ውጤት መሻሻል የድርጊት መሻሻልን ማስከተሉን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። ሁለተኛው ጥንቃቄ ሥነ ምግባራዊ ነው። «ልብ ሳልል ነው» የሚለው ቃል ማብራሪያ መሆኑ ቀርቶ ማምለጫ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር የንስሐ ሥርዐት ምእመን በማወቅ ብቻ ሳይሆን ባለማወቅም ስለ ሠራው በደል ይቅርታ ይለምናል። አለማወቅ ቅጣትን ያቀልል ይሆናል እንጂ ኃላፊነትን አያስቀርም። «ልብ ያልተባለ አድልዎ» የሚለው ስያሜ የተመረጠውም ስለዚህ ነው፤ ልብ ያልተባለን ነገር ልብ ማለት ይቻላልና።

3. መንዝና የእጅ ባለሙያዎቹ

መንዝ በጥንቱ አከፋፈል ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ የሚታወቅ የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው፤ ሞላሌም የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ መቀመጫ ናት። አካባቢው ከሌሎች በርካታ የሸዋ ክፍሎች በተለየ የርስት ሥርዐት ጸንቶ የኖረበት በመሆኑ፣ የሰው ማንነት ከአባቶቹ መሬት ጋር ጥብቅ ትስስር ነበረው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ ለመንዝ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን አንትሮፖሎጂስቱ ሮናልድ ሬሚኒክ በመንዝ ባደረገው የመስክ ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ስለ ቡዳ እምነት የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ሬሚኒክ እንደሚያስረዳው ቡዳነት የሚነገረው በዋናነት በእጅ ሥራ በሚተዳደሩ፣ ርስት በሌላቸውና እርስ በርሳቸው ብቻ በሚጋቡ ቤተሰቦች ላይ ነው። ለእምነቱ መነሻ ሆኖ የተነገረውን ትረካም መዝግቧል። በትረካው መሠረት ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ቢላት ዐሥራ አምስቱን ሸሸገች። የታዩት ተመረጡ፣ የተሸሸጉት ተረገሙ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የቡዳዎች አባቶች ሆኑ ይባላል።

ትረካው ልብ ሊባልለት የሚገባ ነገር አለው። የተረገሙት ልጆች ያጠፉት ጥፋት የለም፤ የሸሸገቻቸው እናታቸው ናት። ከዚህም በላይ የተመረጡትና የተረገሙት የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸውን ትረካው ራሱ ይመሰክራል። ይህም ሬሚኒክ ለእምነቱ ከሰጠው ትርጓሜ ጋር ይቀራረባል፤ እርሱ እምነቱን የሚያይዘው ርስት የሚካፈሉ ወንድማማቾች ከሚፈሩት የእርስ በርስ ቅናት ጋር ነው። ባለ ርስቱ ርስት የሌለው ሰው እንዲቀናበት ይጠብቃል፤ የጠበቀውንም ቅናት በዚያ ሰው ዓይን ውስጥ ያየዋል። በዚህ አተያይ የሚፈራው ዓይን የተገፋው ሰው ዓይን ነው።

የእጅ ባለሙያን መግፋት የመንዝ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ ያሳተሙት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚኖሩ የእጅ ባለሙያዎችና አዳኞች ላይ ያተኮረ የጥናቶች ስብስብ፣ መገለሉ በመኖሪያ ቦታ፣ በኢኮኖሚ፣ በፖለቲካ፣ በማኅበራዊ ግንኙነትና በባህል ረገድ እንደሚገለጥ ያሳያል። ቋንቋና ሃይማኖት በሚለያዩ ማኅበረሰቦች ውስጥ ተመሳሳይ ነገር መታየቱ፣ የአንድን ሕዝብ ጠባይ ከመውቀስ ይልቅ መገለልን የሚያጸኑትን ሥርዐቶች መመርመር እንደሚሻል ይጠቁማል።

4. ቃል፣ መሬትና ሕግ

ባለፉት ከመቶ በላይ በሆኑ ዓመታት መንግሥት ይህን መገለል በሦስት አቅጣጫ ነክቶታል። የመጀመሪያው በቃል ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊውና ሌላውም ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ ከልክለዋል፤ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቆጥሮ ለአንድ ዓመት እንዲታሰርም ደንግገዋል። አዋጁ ሙያን ማዋረድ አገርን እንደሚጎዳ የተረዳ ነበር። የከለከለው ግን ስድብን ነው፤ ርስትን፣ ጋብቻንና ማዕድን አልነካም።

ሁለተኛው በመሬት ነው። የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 መሬት የማግኘት መብትን ከትውልድ ሐረግ ለይቶ፣ በጉልበቱ ሊያርስ ለሚፈልግ ሰው ከፈተ። ከርስት ውጭ ለኖሩ ቤተሰቦች ይህ መሠረታዊ ለውጥ ነበር። ሦስተኛው በሕገ መንግሥት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ፣ ማኅበራዊ አመጣጥንና ትውልድን ልዩነት ሊደረግባቸው ከማይገቡ ነገሮች መካከል በግልጽ ጠቅሷል።

ስድቡ ተከለከለ፣ መሬቱ ተከፈተ፣ እኩልነቱ ተደነገገ። አዋጅ የማይደርስበት አንድ ስፍራ ግን ቀረ፤ እርሱም ቤት ውስጥ ነው። ሙሽራ የሚመረጠው፣ ማዕድ የሚቆረሰው፣ ልጅ ከሰው ዓይን የሚሸሸገው እዚያ ነው። የአድልዎውን መቀጠል ለመረዳት ወደዚሁ ስፍራ መግባት ያስፈልጋል።

5. አድልዎው የተጠለለባቸው ልማዶች

በአማርኛ «ጨዋ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይይዛል። በአንድ በኩል ሥርዐት አዋቂና ትሑት የሆነን ሰው ያመለክታል፤ በሌላ በኩል ከተከበረ ዘር የተወለደን ሰው ይጠቁማል። «የጨዋ ልጅ» ስንል የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ብዙ ጊዜ እኛም አንለየውም። መልካም ጠባይና የዘር ንጽሕና በአንድ ቃል ሲጠሩ፣ ከእነዚያ ዘሮች ያልተወለደ ሰው ጠባዩ ገና ሳይታይ ይጠረጠራል። በክፍል 2 የተጠቀሰው የአእምሮ ትስስር እዚህ በቋንቋ ተቀምጦ እናገኘዋለን። «ባለ እጅ» የሚለው አጠራርም እንዲሁ ነው። ከስድቦቹ ይልቅ የተለዘበ በመሆኑ ተናጋሪው አክብሮ የተናገረ ይመስለዋል፤ ሆኖም ለገበሬም ለመምህርም እጅ እያላቸው ስሙ ለእነርሱ አይሰጥም። የለዘበውም ቃል መለየቱን አላቆመም።

ማዕድ ሁለተኛው መጠለያ ነው። እንግዳ ሲመጣ መሶብ መክደን፣ ሕፃንን ማቀፍና ፊቱን መሸፈን፣ ለአንዳንድ ሰው በተለየ ዕቃ ማቅረብ፣ ሁሉም የተለመዱ ድርጊቶች ናቸው። ድርጊቱን የሚፈጽም ሰው ክፉ ቃል አይናገርም፤ እንዲያውም ጠግባ እንድትሄድ ሸክላ ሠሪዋን አጥብቆ ይለምናል። ልግስናው እውነተኛ ነው፤ ልዩነቱም እውነተኛ ነው። ሁለቱ በአንድ ላይ መኖራቸው አድልዎውን ለአድራጊው የማይታይ ያደርገዋል፤ ለጋስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ራሱን አግላይ አድርጎ ለማየት ይቸገራልና።

ሦስተኛው ጋብቻ ነው። ዘመዳሞች እንዳይጋቡ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የታወቀ ሥርዐት ነው። ይህ ቆጠራ ግን ዝምድናን ብቻ አያጣራም፤ አያት ቅድመ አያት ሲጠየቅ የሙያ ታሪክም አብሮ ይወጣል። ቤተሰቡ ከእጅ ባለሙያ መወለዱ ከተሰማ፣ ጉዳዩ ያለ አንዳች ማብራሪያ «አልሆነም» ተብሎ ይቀራል። ማንም ምክንያቱን ስለማይናገረው ማንም አይከራከረውም።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው ሕመም ነው። ሰው በድንገት ሲታመም «ቡዳ በልቶታል» ከተባለ፣ ቀጣዩ ጥያቄ «ማን በላው?» ይሆናል። ታማሚው በጭንቅ ውስጥ ሆኖ የሚጠራው ስም የአንድ ጎረቤት ስም ነው። ሕመሙ ያልፍ ይሆናል፤ ስሙ የተጠራው ሰውና ልጆቹ ግን ከዚያ በኋላ የሚኖሩት ከጥርጣሬ ጋር ነው። በከተማ ብልህ ሰው ወይም ምግብ አፍጥጦ የሚያይ ሰው «ቡዳ ነህ እንዴ?» እየተባለ የሚሳቅበት ቀልድ፣ ስሙ በቀልድ ያልተጠራበት ልጅ ሲሰማው ሌላ ትርጉም አለው።

6. የአጥኚዋ ማስታወሻ

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያደገችው ሞላሌ ውስጥ፣ ከላይ በተገለጸው ትርጉም «ጨዋ» በሚባል ቤት ነው። ጥናቱን ለማቀድ ወደ ቤተሰቧ በሄደችበት ወቅት ሁለት ነገሮች አጋጥመዋታል፤ የሚቀርቡትም አንባቢ የአጥኚዋን አቋም እንዲያውቅ ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሸክላ ሠሪ ጀበና ይዘው ወደ ቤት መጡ። አጥኚዋ «እማማ፣ ይግቡ» ስትል አንድ እጇ የመሶቡን ክዳን እየገጠመ ነበር። ክደኚ ያላት የለም፤ ራሷም ልክደን ብላ አላሰበችም። ያየችው ከተከደነ በኋላ ነው። ሴትዮዋም አይተዋል፤ «እዚሁ ይበቃኛል ልጄ» ብለው ከበሩ ጥግ ተቀመጡ። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም የለመዱትን አደረጉ፤ አንዷ ከደነች፣ ሌላዋ ራሳቸውን ከደጅ አስቀሩ።

ሁለተኛው ከሙያ ጋር ይገናኛል። አጥኚዋ ስለ አካባቢው ማኅበራዊ ግንኙነት ቃለ መጠይቅ የሚደረግላቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር በአካባቢ ሽማግሌዎች ጥቆማ አዘጋጅታ ነበር። ዝርዝሩ በዕድሜ፣ በጾታና በትምህርት ደረጃ ተመጣጥኗል። በኋላ ስትመረምረው ግን ከእጅ ባለሙያ ቤተሰብ የተወለደ አንድም ሰው አልነበረበትም። ሽማግሌዎቹ ሆን ብለው አልተዉአቸውም፤ «ስለ አገሩ የሚያውቅ ሰው» ተብለው ሲጠየቁ በአእምሯቸው የመጡት ሌሎች ናቸው። እርሷም ዝርዝሩን ስትቀበል ጉድለቱን አላየችም። ይህ ጽሑፍ የመስክ መረጃ ሳያቀርብ የቀረውም ስለዚህ ነው፤ በዚያ ዝርዝር የሚሰበሰብ መረጃ ስለ መገለል ሊነገር ከሚገባው ዋናውን ክፍል ያጎድል ነበርና።

7. የአካታችነት መንገዶች

በካስት ሥርዐት ላይ በህንድ የተደረጉ ሙከራዎች ለእኛ ጉዳይ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣሉ። ካርላ ሆፍና ፕሪያንካ ፓንዴ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከከፍተኛና ከዝቅተኛ ካስት የመጡ ተማሪ ወንዶች ልጆች የውስብስብ መንገድ እንቆቅልሽ እንዲፈቱ ተደርጓል። ካስታቸው በይፋ ሳይጠራ ሲቀር በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ በይፋ ሲጠራ ግን የዝቅተኛው ካስት ልጆች ውጤት ወረደ። የልጆቹ ችሎታ በደቂቃዎች ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያሉበት ሁኔታ ነው። ሬማ ሃናና ሊ ሊንደን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ መምህራን የፈተና ወረቀት ሲያርሙ የዝቅተኛ ካስት ልጅ መሆኑ ለተገለጸ ተማሪ በመጠኑ ያነሰ ነጥብ እንደሚሰጡ አሳይቷል። የሚያስገርመው ልዩነቱ በዋናነት የታየው ራሳቸው ከዝቅተኛ ካስት በተወለዱ መምህራን ዘንድ መሆኑ ነው። የተገለለ ሰው ስለ ራሱ ወገን የሚነገረውን እርሱም ይማረዋል፤ ከበሩ ጥግ የተቀመጡት ሴትዮ ድርጊትም በዚህ ብርሃን ሊታይ ይችላል።

እነዚህን ጥናቶች ከመንዝ ሁኔታ ጋር ስናገናዝብ አምስት ተግባራዊ ሐሳቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ምዘና። በእኛ ሥርዐት ሙሉ ስም ማለት የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው፤ በትንሽ ከተማ ይህ የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ታሪክ ማለት ነው። መምህር በክፍል ውስጥ የሚሰጠውን የጽሑፍ ፈተና በመለያ ቁጥር ቢያርም፣ አድልዎ ይኑርበት አይኑርበት ሳይመረመር እንኳ ዕድሉ ይጠብባል። ይህ በጀት የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው።

ሁለተኛ፣ የጋራ ሥራ። ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ብቻ አድልዎን አይቀንስም፤ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ትብብርና የተቋም ድጋፍ ያስፈልጋል። ማት ሎው እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመው የክሪኬት ጨዋታ ሙከራም ይህን ያጠናክራል፤ በአንድ ቡድን ተደባልቀው የተጫወቱ የተለያዩ ካስት ወጣቶች ወዳጅነታቸው ሲጨምር፣ በተቃራኒ ቡድን ሆኖ መገናኘት ግን ጉዳት ነበረው። በመንዝ ገበሬና ብረት ሠሪ ሁልጊዜ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙት ግን ዋጋ በሚከራከሩበት ገበያ ነው። ወንፈልና ደቦ፣ የእድር ኮሚቴና የወጣቶች ስፖርት ቡድን ግን በአንድ ወገን የሚያሰልፉ ሥርዐቶች ናቸው። ጥያቄው በእነዚህ ውስጥ የእጅ ባለሙያው በአባልነት ብቻ ሳይሆን በሰብሳቢነት፣ በገንዘብ ያዥነትና በዳኝነት መኖሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ማዕድ። ማንንም በግድ ከማንም ጋር ማብላት አይቻልም፤ አይገባምም። የትምህርት ቤት፣ የማኅበርና የሥልጠና መስተንግዶ ግን የግል ቤት ስላልሆነ ሥርዐቱን ማስተካከል ይቻላል። ለሁሉም በአንድ ዓይነት ዕቃ ማቅረብና የመቀመጫን ተራ በዕጣ መወሰን ማንንም ሳያሳፍር ልማዱን ይሰብራል።

አራተኛ፣ የሕመም ጥያቄ። እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ የምእመናንን እምነት የሚሞግት አይደለም። ጸበል የሚያጠምቁ አባቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የአካባቢ ሽማግሌዎች በአንድ ነገር ቢስማሙ ብዙ ጉዳት ይቀራል፤ ታማሚን ስም አለማስጠራት። ሕመሙ ይታከማል፣ ጸሎቱ ይደረጋል፤ «ማን?» የሚለው ጥያቄ ግን ይተዋል።

አምስተኛ፣ ጥናት። በማኅበረሰብ ጥናት ውስጥ አንዱ ተጠያቂ ሌላውን እየጠቆመ የሚሰፋ ናሙና የተለመደ ነው። ይህ ዘዴ የጠቋሚውን የግንኙነት ወሰን ይወርሳል፤ ጠቋሚው የማይበላበትን ቤት አጥኚውም አይጠይቅም። ስለዚህ ናሙናው ከአንድ በላይ በሆኑ መነሻዎች፣ ከእነዚህም ቢያንስ አንዱ ከተገለለው ወገን ተነሥቶ ቢሰበሰብ ይመረጣል። የጥናት ሐሳብ የሚገመግሙ መምህራንም «እነማን ተካተቱ?» ከሚለው ጋር «በዚህ ዘዴ እነማን ሊገኙ አይችሉም?» ብለው ቢጠይቁ፣ የእኔን ዓይነት ዝርዝር ከመስክ በፊት ማረም ይቻላል።

8. ማጠቃለያ

ልብ ያልተባለ አድልዎ የሚለው ፅንሰ ሐሳብ ከሌላ አገር ቤተ ሙከራ ቢነሣም የመንዝን ጉዳይ ለመረዳት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ማሻሻያ ያስፈልገዋል። ፅንሰ ሐሳቡ አድልዎን በግለሰብ አእምሮ ውስጥ ይፈልገዋል፤ በመንዝ ግን የምናገኘው በአብዛኛው በእጅ፣ በዕቃ፣ በመቀመጫና በቃል ነው። ከልጅነት ጀምሮ እንደ ጨዋነት ስለ ተማርነው፣ ስንፈጽመው ያጠፋን ሳይሆን ሥርዐት የጠበቅን ይመስለናል። መልካም ሰዎች በመልካም ሐሳብ ሊፈጽሙት የሚችሉትም ስለዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በእጅ የተለመደ ነገር በእጅ ሊረሳ ይችላል። ፈተና በቁጥር ማረም፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ ማስተናገድ፣ ናሙናን ከሌላኛው በር መጀመር ማንም ነገ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ነገሮች ናቸው። የአጥኚዋ ቀጣይ ሥራ አዲሱን የተጠያቂዎች ዝርዝር ከእጅ ባለሙያዎቹ ቤት መጀመር ነው። የመጀመሪያዋ ተጠያቂ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ጀበናውን ይዘው የመጡት እናት ይሆናሉ። ቃለ መጠይቁም በእርሳቸው ቤት፣ እርሳቸው በሚያቀርቡት ማዕድ ዙሪያ እንዲካሄድ ታስቧል።